የሦስተኛው አጎቴ የጉንጭ መዝገብ

ዘር ቆጣሪ የሌለበት ቤተ ዘመድ በምድር ላይ አልተፈጠረም። ስምዎን ተናግረው ሳይጨርሱ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል፣ የአባትዎን ሲነግሩት የአያትዎን የሚጠይቅ፣ የአያትዎን ሲነግሩት ደግሞ «ተሳስተሃል» ብሎ የሚያርምዎ ሰው እርስዎም ቤት አለ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ የሚከራከረው እሱ ነው። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ከስንት ትውልድ በፊት እንደሚገናኙ ጮክ ብሎ ቆጥሮ የሙሽራይቱን እናት የሚያስደነግጠውም እሱው ነው።

እኛ የባይታን መንደር ኳንጎች ግን ከሁሉም የባሰው ደርሶናል። የእኛ ዘር ቆጣሪ ሳይንስ ተምረዋል።

ክቡር ሦስተኛ አጎቴ ኳንግ ዣኦቻንግ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሁለቱ ታላላቆቻቸው በልጅነታቸው ሞተው፣ ሦስተኛ የሚለው መጠሪያ ብቻ ቀርቶላቸዋል። የሥጋ አጎቴ አይደሉም፤ ከአባቴ ጋር የሚገናኙት ስድስተኛው ትውልድ ላይ ነው። ይህንንም ማንም ሳይጠይቃቸው የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በመስኖ ጣቢያ የወንዝ ውኃ ሲለኩ ኖሩና ጡረታ ሲወጡ የሚለኩት ነገር አጡ። በዚህ መሀል፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርድ የዲ ኤን ኤ ምልክት እንዳለና ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ ጠርጎ በመላክ እንደሚታወቅ አንድ ቦታ አነበቡ። ከዚያን ቀን ወዲህ በደረት ኪሳቸው የሚይዙት እስክርቢቶ ሳይሆን በላስቲክ የታሸገ ጥጥ ነው። በመንደራችን ኳንግ የተባለ ወንድ ሁሉ በሰው ፊት ማዛጋት የተወው ያኔ ነው።

«አፍ ይዋሻል፤ ጉንጭ አይዋሽም!» ይላሉ። ይህችን ቃል ፀጉር አስተካካይ ቤት ብለዋታል፣ አውቶቡስ ውስጥ ብለዋታል፣ አንድ ጊዜም ጥርስ ሊያስነቅል አፉን ከፍቶ በተቀመጠ ሰው ራስጌ ቆመው ብለዋታል። ሰውየው ኳንግ ነበር። እንቢ ማለትም አይችልም ነበር፤ ግማሽ ፊቱ ደንዝዟል።

ያላመነ ሲያገኙ ያስረዳሉ። «ይሄ ምልክት የአባትህ አባት፣ የእሱም አባት፣ የእሱም አባት የመቱብህ ማኅተም ነው። አንተ አላየኸውም እንጂ አለ። እኔ ላሳይህ ነው፤ በል ክፈት!»

የአጎቴን ልጅ ሠርግ የበላ ሰው መቼም አይረሳቸውም። ጉንጩ ከመጠረጉ በፊት ሰውየው ለግማሽ ሰዓት ምንም መቅመስ የለበትም። ክቡርነታቸው ደግሞ አርባ አንድ የኳንግ ወንዶች ባንድ አዳራሽ ተሰብስበው ሲያዩ ጤና አጡ። የተጠበሰው ዝይ ገና ጠረጴዛ ላይ እንዳረፈ ወንበር ላይ ወጡና «ማንም ምንም እንዳይቀምስ!» ብለው ጮኹ። አርባ አንድ ሰው የመብያ እንጨቱን አስቀመጠ። ይህን ያዩት የሙሽራይቱ ዘመዶች የኳንጎች ሥርዓት መስሏቸው እነሱም እንጨታቸውን አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። የዝይው ስብ እስኪረጋ ድረስ አዳራሹ ፀጥ አለ፤ አጎቴ ብቻ ከወንበር ወንበር እየዞሩ ጉንጭ ይጠርጋሉ። እስከ ዛሬ ድረስ በሙሽራይቱ መንደር፣ ኳንጎች ከመብላታቸው በፊት አባቶቻቸውን ግማሽ ሰዓት በዝምታ ያስባሉ እየተባለ በአድናቆት ይወራል። እኛም አላስተባበልንም።

መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ ከአልጋው በላይ፣ ግድግዳውን የሞላ ካርታ አለ። ኳንግ የሚባል ሰው በሚኖርበት ከተማ ሁሉ ቀይ መርፌ ሰክተውበታል። መርፌ ለመሰካት ስልክ መደወል ያስፈልጋል።

«ሄሎ፣ ኳንግ ነዎት? እኔም ኳንግ ነኝ! አያትዎ ከየት መጡ?»

አብዛኛው ሰው አጭበርባሪ መስለውት ይዘጋባቸዋል። አንድ የሰሜን ሰው ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወራቸው ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ለልጁ ባል እንዲፈልጉለት ለመናቸው። አክስቴ፣ ማለትም ሚስታቸው፣ ካርታውን እያየች «እኔ ያገባሁት አንድ ኳንግ ነበር፤ አሁን ከሦስት ሺህ ኳንግ ጋር ነው የምተኛው» ትላለች።

ስንስቅባቸው ኖርን እንጂ ሰውየው ያወቁት ነገር አለ። የመንደራችን ሽማግሌዎች፣ የመጀመሪያው አባታችን ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ሚስቱንና አንድ ድስት ይዞ በሰሜን በኩል ያለውን ተራራ ተሻግሮ መጣ ይላሉ። አጎቴ ይህን ሊያረጋግጡ ነበር የተነሱት። «ስማችን የበዛበት ቦታ መነሻችን ነው ብለሽ እንዳትሳሳቺ» አሉኝ አንድ ቀን ካርታው ሥር አቁመውኝ። «የወንዝ ምንጩ ቀጭን ነው፤ የሚሰፋው ታች ነው። መነሻውን የምታውቂው በጉንጭ ነው። እዚህ ታች አንድ ሺህ ኳንግ አለ፤ ምልክታቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። እዚያ ተራራው ሥር ሃያ ቤት ኳንግ ብቻ አለ፤ ምልክታቸው ግን አምስት ዓይነት ቅርንጫፍ አውጥቷል። ቅርንጫፍ ለማውጣት ዕድሜ ያስፈልጋል። ስለዚህ እነሱ ቀደሙ፤ እኛ ከእነሱ ወጣን።» ከዚያ ጣታቸውን ከተራራው አንስተው ወንዙን ይዘው፣ በየመርፌው ላይ ትንሽ እያረፉ እስከ ባይታን ወረዱ። የዚያን ቀን አልሳቅሁም። የመጀመሪያውን አባታችንን ከነሚስቱ ከነድስቱ በጣታቸው ያወረዱት መሰለኝ።

እኔ ያንፌን እባላለሁ። ከተማ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ የዘር መዝገባችን ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ እንደገና ሊታተም ሲታሰብ ጽሕፈቱ ለእኔ ተሰጠ። አጎቴ የመረጡኝ በምክንያት ነው። «አንቺ ሴት ስለሆንሽ ምልክቱ የለሽም። ስለዚህ አታዳዪም» አሉኝ። የጉንጩ ውጤት ሁሉ የሚመጣው በእኔ ኮምፒዩተር ነው፤ እሳቸው ከስልካቸው ይልቅ የታተመ ወረቀት ያምናሉ።

ባለፈው መኸር ሽማግሌዎቹ በአባቶች አዳራሽ ተሰብስበው ስለ አዲሱ መዝገብ ሲመክሩ ክቡር አጎቴ ተነሥተው ደንብ አቀረቡ። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ወንድ ጉንጩን ይጠረግ። ምልክቱ ከመጀመሪያው አባታችን ምልክት ጋር የገጠመ ቤት በዋናው ክፍል ይጻፍ። ያልገጠመ ቤት ከመጨረሻው ገጽ «የተጨመሩ ቤቶች» ተብሎ ለብቻው ይቀመጥ። በየዓመቱ በመቃብር ጠረጋ በዓል ስም ሲነበብና የተጠበሰው አሳማ ሲከፋፈልም ቅደም ተከተሉ በዚሁ ይሁን። ሽማግሌዎቹ ግማሹን አልሰሙም፣ ግማሹን አልገባቸውም፤ አጸደቁት።

ደንቡ መጀመሪያ የመታው ኳንግ ዴሹንን ነው። ዴሹን የአጎቴ ጎረቤት ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ በቀይና በጥቁር ጠጠር ቼዝ ይጫወታሉ። ጉንጩ አልገጠመም። ውጤቱን አጎቴ ራሳቸው ወስደው ሰጡት።

«ቅር እንዳይልህ ዴሹን። እኔ አይደለሁም፤ ጉንጭህ ነው።»

ዴሹን ወረቀቱን አየው። «ስልሳ ስምንት ዓመት ኳንግ ሆኜ ኖሬ በጥጥ ልባረር?»

«ማን አባረረህ? ቦታህን ነው የቀየርንልህ።»

«እንግዲያው አንተም የቼዝ ቦታህን ቀይር» አለና በሩን ዘጋው። አጎቴ ከዚያ በኋላ ከሰዓቱን ብቻቸውን፣ በሁለቱም በኩል እየተቀመጡ ይጫወቱ ጀመር። አክስቴ እንደምትለው ይሸነፉም ነበር።

የራሳቸውን ጉንጭ የጠረጉት ከሁሉም በኋላ ነው። «ደጋሽ ነኝ፤ ደጋሽ መጨረሻ ነው የሚቀምሰው» ብለው። ውጤቱ ከበዓሉ አምስት ሳምንት ቀደም ብሎ ወደ ኮምፒዩተሬ መጣ።

አልገጠመም። ከአንዳችንም ጋር አልገጠመም። ከሥሩ ምልክታቸው ከእሳቸው ጋር አንድ የሆነ የአሥራ አንድ ሰዎች ስምና ስልክ ተዘርዝሯል፤ አሥራ አንዱም ዞንግ የሚባሉ፣ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት የሚያስኬደው የሉሺ መንደር ሰዎች ናቸው።

ሱቄን ዘግቼ ተቀመጥሁ። አልዋሽም፤ አንዲት ቁጥር ብለውጥ ማን ያውቅብኛል ብዬ አስቤያለሁ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ግን እኝህ ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ያሳደዱትን እውነት በእኔ እጅ ማጥፋት አቃተኝ። አትሜ ወሰድሁላቸው። ግቢ ውስጥ አክስቴ የመንደሪን ልጣጭ በወንፊት ላይ ስታሰጣ እሳቸው ዝንብ ይከላከላሉ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«የጠረግሁት ግራ ጉንጬን ነው» አሉ። «በግራ በኩል ጥርስ አሞኝ ነበር።»

«አጎቴ፣ ጥርስ እኮ...»

«ቀኙን እንልካለን!»

ቀኙ ተላከ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ፤ ቀኝም ግራም ዞንግ ነው። ያን ሰሞን ቤታቸው እንግዳ ገብቶ አያቱን ሳይጠየቅ ወጣ። ፖስተኛው እንኳን ታመሙ እንዴ ብሎ ጠየቀ።

በሦስተኛው ቀን ሱቄ መጡና ከኮምፒዩተሩ ጎን ቆሙ። «በይ አሁን ከቦታዬ አስገቢኝ።»

«ቦታዎ እኮ ገብቷል። ገጽ ሃምሳ ሁለት።»

«ከኋላ ነው የምልሽ። ከዴሹን ቀጥሎ።»

«አጎቴ፣ ለአንድ ሰው ሲባል ደንቡን ማሻሻል ይቻላል። ሽማግሌዎቹን ላናግራቸው።»

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዴሹንን ሲመታ አላሻሻልኩትም። እኔ ጋ ሲደርስ ከተሻሻለ ደንብ ሳይሆን በደል ነው። አስገቢኝ።»

አንዲት መስመር ከገጽ ሃምሳ ሁለት አንስቶ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔን ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ፊደሉ አይታየኝም ነበር። እሳቸው እንዳላዩ ሆነው የቀለም ካርቶኖቼን ይቆጥራሉ።

ከዚያ ተነሥተው በቀጥታ ዴሹን ቤት ሄዱ። ብቻቸውን መልቀቅ ስላልሆነልኝ ተከተልኋቸው። ዴሹን በሩን ከፍቶ አያቸው፤ ወሬው ቀድሞ ደርሶታል።

«ዴሹን፣ ይቅር በለኝ» አሉ አጎቴ።

ዴሹን ብዙ አላስቆማቸውም። «እንኳን ደህና መጣህ። የኋላው ገጽ ሰፊ ነው፤ ነፋስም አለው» አለና የቼዙን ሰሌዳ አወጣ። «ቀዩን ነው ጥቁሩን?»

እሳቸው ግን ዞንጎቹ ጋ አልደወሉም። ወረቀቱን አጥፈው ጥጡ በነበረበት ኪስ ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ እንጂ አንዱንም ቁጥር አልነኩም።

«ለሦስት ሺህ ሰው የደወሉት ሰውዬ አሥራ አንድ ሰው ፈሩ?» አልኳቸው፤ ላስቃቸው ብዬ።

«ለእነዚያ የደወልኩት ኳንግ ነኝ ብዬ ነው። ለእነዚህ ምን ነኝ ብዬ ልደውል?»

ስለዚህ እኔው ደወልሁ። ሳልነግራቸው፣ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ቁጥር። ያነሳው አንድ ሽማግሌ ነው። ስለ አጎቴ ነገርሁት፤ የአያታቸው አባት በእኛ መዝገብ ከሊያኦ ቤት ተድራ የመጣች ባልቴት ልጅ ተብሎ እንደተጻፈ፣ ከዚያ በላይ ምንም እንደማናውቅ ነገርሁት። ሽማግሌው ገጽ ሲያገላብጥ በስልኩ ይሰማኛል። ከዚያ «በመቃብር ጠረጋው ስማችሁ የሚነበበው መቼ ነው?» አለኝ። ቀኑን ነገርሁት፤ ስልኩ ተዘጋ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። መጥተው ሰውየውን የእኛ ነው ቢሉስ?

የበዓሉ ዕለት እንደ ወጉ ዘነበ። ሦስት አሳማ ተጠብሶ ከአባቶች ስም ሰሌዳ ፊት ተጋድሟል፤ አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ስም የሚያነቡት እንደ ሁልጊዜው ክቡር አጎቴ ናቸው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ወንድ ጮክ ብለው ጠሩ፤ አንድም አልዘለሉም፤ የሞተውን ካለው፣ የከተማውን ከመንደሩ ለይተው ጠሩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። «የተጨመሩ ቤቶች» አሉ። «የኳንግ ዴሹን ቤት። የኳንግ ዣኦቻንግ ቤት።»

ብዙው ሰው ነገሩን የሰማው ገና ያኔ ነው። አክስቴ ከሴቶቹ መካከል ቆማ የጃንጥላዋን እጀታ በሁለት እጇ ጨብጣለች። አጎቴ ወረቀቱን አጠፉ፣ ከመድረኩ ወረዱና ሄደው ከኋላ፣ ዴሹን አጠገብ ቆሙ።

በዚህ ጊዜ ነው አንድ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ በደጁ የገባው። ሰማንያ ሳይሞላው አይቀርም። ብብቱ ሥር በሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ ይዟል።

«ዞንግ ነኝ። ከሉሺ» አለ።

አዳራሹ ተንጫጫ። «ሰዋችንን ሊወስዱ መጡ!» አለ የዞንጎቹን ወሬ የሰማ አንዱ። ሌላው «ይሞክሩና እናያለን!» አለ፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት አጎቴ «የተጨመሩ» ሲባሉ ዝም ብሎ ያሳለፈው ሰውዬ እኮ ነው።

የሁላችን የበላይ አያት ኳንግ ቦዬ ናቸው፤ ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው፣ የሚሰሙትም በአንድ ጆሮ ነው። በትራቸውን መሬት ላይ መቱና «ምን ፈልገህ መጣህ?» አሉ።

«የአባቶቼን መዝገብ ይዣለሁ፤ አንዲት ነገር ላነብላችሁ ነው።» ጨርቁን ፈታ፣ መነጽሩን ከዝናቡ ጠረገ፣ ገጹን አወጣ። «እንዲህ ይላል። ሦስተኛ ልጅ፤ አራት ዓመት። በረሃቡ ዓመት፣ ልጆቿ ላለቁባት፣ ለታችኛው ወንዝ የኳንግ ባልቴት ተሰጠ። በጀርባዋ አዝላ ወሰደችው። ከዘራችን ያገኘው ሰው ቢኖር መልሱልን አይበል። ጠግቦ እንደሆነ ብቻ ይጠይቅ።»

መጽሐፉን ሳይዘጋ ቀና አለ። «ይህ ከተጻፈ መቶ አርባ ዓመት አለፈው። ለማን እንደተሰጠ ስሟን አልጻፉትም፤ የትኛው መንደር እንደሆነም አላወቅንም፤ ስለዚህ ማንም ሳይጠይቅ ቀረ። እኔ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ሌላ ጉዳይ የለኝም። ጠግቦ ነው የኖረው?»

ከዚያ ከሴቶቹ በኩል የአክስቴ ድምፅ መጣ፤ እያለቀሰች ነበር።

«ሆዱን አታየውም እንዴ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሳቁት ሰዎች ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ። አያታችን ቦዬ የተነበበው በደህናው ጆሯቸው እንዲደገምላቸው አደረጉ፤ ሰምተው ሲጨርሱ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ሰው ደግፎ ሳያነሳቸው ሲቆሙ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

«ያቺ የሊያኦ ልጅ አዝላ በፊት በር ያስገባችውን ሰው እናንተ በጥጥ በጓሮ በር ልታወጡት ነው? እሷስ ወደዚህ ቤት ስትመጣ ኳንግ ነበረች? እናቶቻችሁስ? የኋላውን ገጽ ወዲያ በሉልኝ! ዴሹንም ወደ ቦታው! ወደፊት ጉንጭ ጠርጋችሁ ከየት እንደመጣ ጻፉ፤ ግድ የለኝም። የቤቱ ሰው ማን እንደሆነ ግን ጉንጭ አይጠየቅም።»

«ገጹን እንኳ አትቅደዱት» አለ ዴሹን፤ «ሥጋ ይጠቀለልበታል።»

እኔ የማየው አጎቴን ነበር። ለሁሉም ነገር መልስ ያላቸው ሰው፣ የማያውቁትን ሰው የአያት ስም የሚያርሙ ሰው፣ ሽማግሌው ፊት ቆመው የዞንጎቹን ስም የያዘውን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡና መልሰው ከተቱት። እጁን ያዙት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳፌዝባቸው ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን እኝህን ሰው እንደ አባቴ እንደምወዳቸው አወቅሁ። ገጽ ሃምሳ ሁለት ላይ በእጄ መልሼ እስካስገባቸው ድረስ መታገሥ አቃተኝ።

«ጠግቤያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አባቴም፣ አያቴም፣ ያ የታዘለው ልጅም። ሁላችንም ጠግበናል።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ከኪሱ እስክርቢቶ አወጣ፤ መጽሐፉን በክንዱ ላይ አስደግፎ፣ ከዚያች ከአሮጌዋ ጽሑፍ ሥር ቀስ ብሎ «ጠግቧል» ብሎ ጻፈ።